የአዋቂ ጌም፣ ማስጠንቀቂያውና ማን ምን እንደሚያይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዘመድ መሃል «ኮምፒውተር የሚያውቀው» ተብሎ መጠራት ዕዳ ነው። ድሮ ሰው የሚደውለው ፕሪንተር እምቢ ሲለው ነበር። አሁን ግማሹ ስለ ልጁ ጌም ይጠይቃል። ቀሪው ግማሽ ስለ ራሱ ጌም ይጠይቃል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከአዲስ አበባም፣ ከሲልቨር ስፕሪንግም፣ ከዱባይም የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ስለሆነ እዚህ ሰብስቤዋለሁ። በብዛት የማወራው ስለ ስቲም ነው፣ ማለት ጌም ኦንላይን ስለሚሸጥበት ሱቅ፤ ኮምፒውተር ላይ የሚጫወት ሰው ቶሎ የሚደርሰው እዚያ ስለሆነ። ስልክም ሮብሎክስም ቦታቸው ላይ አሉ። የስቲም ገጾች በአማርኛ ስለሌሉ የማዘዣዎቹን ስም እንደሚነበቡት ጽፌአቸዋለሁ። የጌም ነገር ላይ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አቆጣጠሩ ራሱ ጣጣ የሚያመጣበት ቦታ አለ፣ እሱን ወረድ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፣ ፊልተር፣ ፕራይቬት ማድረግ… ሁሉም ያው አይደለም እንዴ?

አይደለም። ግራ መጋባቱ ሁሉ የሚጀምረውም እዚህ ጋ ነው።

ማስጠንቀቂያ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። «ውስጥ ደም አለ፣ እርቃን አለ» ይላል እንጂ ማንንም ይዞ አያስቆምም። ፊልተር ለእናንተ አካውንት ምን እንደሚታይ ይወስናል። ፕራይቬሲ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ የእናንተ ነገር ለሌላ ሰው ምን ያህል እንደሚታይ የሚወስነው እሱ ነው።

አንድ ወዳጄ የሰባት ዓመት ልጁ ኮምፒውተር መነካካት ሲጀምር ደነገጠና የስቲም ፕሮፋይሉን ፕራይቬት አደረገ። «በቃ፣ አሁን ሰላም ነው» አለኝ። ልጁ ግን የሚቀመጠው እዚያው ወንበር ላይ ነው፣ የሚከፍተውም የአባቱን አካውንት። የተዘጋው ለጎረቤት ነው። ቤት ውስጥ ላለ ሰው ሁሉም እንዳለ ክፍት ነበር።

ልጄ የልደት ቀን ሲጠየቅ ያገኘውን ነክቶ አለፈ። ታዲያ ጥያቄው ምን ይሠራል?

እውነቱን ለመናገር ብዙም አይሠራም። የአዋቂ ጌም ገጽ ስትከፍቱ ስቲም ቀን፣ ወርና ዓመት ያስመርጣችኋል። የመረጣችሁትን ማንም አያጣራም። ብዙ ጎረምሳ እስከ ታች ይወርድና 1900ን ይነካል። በዚህ ሒሳብ ስቲም ላይ በምኒልክ ዘመን የተወለዱ ስንትና ስንት ሽማግሌዎች ሌሊቱን ሙሉ ዞምቢ ሲገድሉ ያድራሉ። ጥያቄው በዋናነት የሚጠቅመው ራሱን ሱቁን ነው፤ ነገ ቢጠየቅ «እኔ ጠይቄ ነበር» ለማለት።

እኛ ጋ ደግሞ አንድ ልዩ ጉድ አለ። ስንት ቤት እንዳየሁት አትጠይቁኝ።

ልጁ የተወለደው ጥር 2008 ነው። እናቱም እሱም ልደቱን የሚያውቁት እንደዚያ ነው። ስልክ ይገዛለታል፣ አካውንት ይከፈታል፣ «ዓመት» ሲል 2008 ብለው ይሞላሉ። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ብቻ ነው። በእነሱ ልጁ የተወለደው ጥር 2016 ነው። በአንዲት መስመር ስምንት ዓመት ተጨመረለት ማለት ነው። ልጁ አሥር ሲሞላው አካውንቱ አሥራ ስምንት ሞልቶት ቁጭ ብሏል። ማንም አልዋሸም። ግን ለልጆች ተብሎ የተሠራው ጥበቃ በሙሉ ተነስቶለታል። ጉግል በብዙ አገር ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ አካውንት ሲከፍት ወላጅ እንዲቆጣጠረው ይጠይቃል። ይሄን ልጅ ምንም አልጠየቀውም።

ዛሬ ማታ የልጃችሁን ስልክ ተቀበሉና የጉግል አካውንቱ ውስጥ «ፐርሰናል ኢንፎ» የሚለውን ከፍታችሁ የልደት ዓመቱን እዩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ለተወለደ 7 ጨምሩ፣ ከጥር ወዲህ ለተወለደ 8። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የተወለደ ካለ ካላንደር አመሳክሩ። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ካስተካከላችሁት በኋላ ልጁ ከ13 በታች ሆኖ ከተገኘ፣ ጉግል አካውንቱን በወላጅ ቁጥጥር ሥር እንድታስገቡ ቀነ ገደብ ይሰጣችኋል። ችላ ካላችሁት ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ ስትነኩት ሥራውን ለመጨረስ ጊዜ ይኑራችሁ።

«18» ወይም «ኤም» የሚለውን ምልክት የሚሰጠው ማን ነው? መንግሥት ነው?

እንደየአገሩ ነው። የአሜሪካው ኢኤስአርቢ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። በ1993 የአሜሪካ ሴኔት ሞርታል ኮምባትንና ናይት ትራፕን እያነሳ የጌም ኩባንያዎችን አፋጠጣቸው። ኩባንያዎቹ «ሕግ ከሚወጣብን እኛው ራሳችንን እንመዝን» ብለው በ1994 አቋቋሙት። «ኢ» ለሁሉም፣ «ቲ» ከ13 ዓመት ጀምሮ፣ «ኤም» ከ17 ጀምሮ፣ «ኤኦ» ደግሞ ለአዋቂ ብቻ ነው። አብዛኛው አውሮፓ ከ2003 ጀምሮ ፔጂን ይጠቀማል፤ 3፣ 7፣ 12፣ 16 እና 18 የሚሉት ባለ ቀለም ቁጥሮች የእሱ ናቸው። ጀርመን ዩኤስኬ የሚባል የራሷ አላት።

«ኤኦ» ከባድ ዕጣ ነው። ሶኒም ማይክሮሶፍትም ኒንቴንዶም ኮንሶላቸው፣ ማለት የጌም ማሽናቸው ላይ አያስገቡትም። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ በ2005 የገጠመው ይሄው ነው። ከጌሙ ተቆርጦ የቀረ የወሲብ ክፍል ኮዱ ውስጥ ተደብቆ ቀርቶ ነበር፣ ተጫዋቾች ቆፍረው አወጡት። ኢኤስአርቢ ምልክቱን ከ«ኤም» ወደ «ኤኦ» ቀየረው፣ ትልልቅ ሱቆች ከመደርደሪያ አወረዱት። አሳታሚው ያንን ክፍል ያወጣበትን ቅጂ ሲያቀርብ «ኤም» ተመለሰለት።

ይሄ ሁሉ ግርግር እኛ ጋ አልደረሰም። እኔ ጂቲኤን የተጫወትኩት በተገለበጠ ሲዲ ነው። ላዩ ላይ በማርከር «ጂቲኤ» ተብሎ ተጽፎበታል፣ ሽፋን የሚባል ነገር የለውም። «ኤም» የምትለዋን ፊደል ያየኋት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ኢንተርኔት ላይ ነው።

ዛሬ ኦንላይን ለሚሸጥ ጌም ሥራው ቀሏል። በ2013 አይኤአርሲ የሚባል የጋራ አሠራር መጣ። ጌሙን የሠራው ሰው አንድ መጠይቅ ይሞላል፤ «ደም አለ ወይ? ስድብ አለ ወይ? በገንዘብ የሚገዛ ነገር አለ ወይ?» እያለ ይጠይቀዋል። ከዚያ እንደየአገሩ ደንብ የየአገሩን ምልክት ያወጣለታል። ጉግል ፕሌይ ከ2015 ጀምሮ በዚህ ይሠራል። የራሱ መዛኝ ለሌለው አገር ዓለም አቀፉን ቁጥር ያሳያል።

እሺ፣ ቁጥሩን አምኜ መተኛት እችላለሁ?

ግማሽ እንቅልፍ ተኙ።

ባላትሮን ውሰዱ። የካርታ ጌም ነው። ደም የለ፣ እርቃን የለ፣ በእውነተኛ ብር የሚያሲዙበት ቦታም የለውም። ግን የፖከር አያያዝ ስላለበት ፔጂ በ2024 «18» አለው። ይሄ ምልክት ሲመጣበት አንዳንድ አገር ካሉ ኦንላይን ሱቆች ለጊዜው እስከመውረድ ደረሰ። ይግባኝ ተብሎ በየካቲት 2025 ወደ 12 ወረደ። በዚያው ጊዜ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ፣ ተጫዋች የሚወጣበትን ያልታወቀ ፓኬት በገንዘብ የሚያስገዛው የኳስ ጌም፣ ፔጂ 3 ነበር። ሦስት! እንደ እኔ እንደ እኔ አሥር ዓመት ልጅ ላለው ሰው የሚያሰጋው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው። የካርታው አይደለም፤ የአባቱ ካርድ የተመዘገበበት የኳስ ጌም ነው።

ስለዚህ ከቁጥሩ ሥር ያሉትን ትንንሽ ቃላት አንብቡ። «ጥቃት»፣ «አስጸያፊ ቃል»፣ «ጌም ውስጥ ግዢ» የሚሉት እዚያ ናቸው። ለምን 16 እንደተባለ የሚነግራችሁ ቁጥሩ ሳይሆን እነሱ ናቸው።

ስቲም ላይ «ይህ ጌም የሚከተለውን ይዟል» ብሎ የሚጽፈውስ?

ራሱ ጌሙን የሠራው ሰው ነው። ቫልቭ፣ ማለት የስቲም ባለቤት፣ በሰኔ 2018 ሕገ ወጥ ያልሆነውንና ለነገር ፍለጋ ብቻ ያልተሠራውን ሁሉ እናስገባለን አለ። በመስከረም የአዋቂ ፊልተሮቹን ጨመረ። ከዚያ ወዲህ የአዋቂ ይዘት ያለው ጌም የሚያወጣ ሰው ምን እንዳለበት በራሱ ቃል መጻፍ አለበት። ገጹ ወደ ታች ሲወርድ «ማቹር ኮንቴንት ዲስክሪፕሽን» ከሚለው ሥር የምታዩት ያ ጽሑፍ ነው።

አጻጻፉ እንደ ሰዉ ነው። አንዱ «የመጠጥ ሱስና ራስን ማጥፋት ይነሳል፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ» ብሎ ቁልጭ አድርጎ ይጽፋል። ሌላው «ለአዋቂዎች» ብሎ ያልፋል። እኔ የመጀመሪያውን ዓይነት ሰው አምናለሁ። ሁለተኛው ጋ ስደርስ ወደ ተጫዋቾች አስተያየት ወርጄ ቢያንስ አምስት ስድስቱን አነባለሁ፤ እነሱ አይደብቁም።

ስቲም ላይ የማልፈልገውን እንዴት ልዝጋ?

ከላይ በቀኝ ያለውን ስማችሁን ንኩ፣ «አካውንት ዲቴይልስ»፣ ከዚያ «ስቶር ፕሪፈረንስስ»። እዚያ የአዋቂ ይዘት ምርጫዎች ታገኛላችሁ። ተደጋጋሚ ጥቃትና ደም አንድ ሳጥን ነው። እርቃንና ወሲብ ያለበት ሌላ ሳጥን ነው። ሙሉ በሙሉ ለአዋቂ የሆነው የወሲብ ጌም ደግሞ የብቻው ሳጥን አለው፣ እሱ እናንተ ካልከፈታችሁት ከመጀመሪያውም ዝግ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሰው «ስቲም በእነዚህ ጌሞች ተጥለቀለቀ» ሲል፣ ሳጥኗን አንድ ቀን ማን እንደነካት ቀስ ብሎ ያስብ።

ከሥሩ ታግ፣ ማለት የጌሙን ዓይነት የሚናገር ቃል፣ የመዝጊያ ቦታ አለ። እስከ አሥር ታግ መጻፍ ትችላላችሁ። ቤተሰብ የሚጋራው ኮምፒውተር ላይ ጠቃሚው ይሄ ነው፤ «ሆረር» ብላችሁ ከዘጋችሁ የሚያስፈራው ሁሉ ከፊት ገጽ ገሸሽ ይላል።

ዘግቼዋለሁ፤ ግን አሁንም የሚያሳፍር ሥዕል ይመጣል።

ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንደኛ፣ የዘጋችሁት አንድ አካውንት ላይ ነው፣ አሁን የተከፈተው ሌላ ነው። ፊልተር የሚኖረው አካውንቱ ውስጥ ነው፣ ኮምፒውተሩን አያውቀውም። ሁለተኛ፣ የሠራው ሰው መጠይቁን አስተካክሎ አልሞላም። ፊልተሩ የሚያውቀው የተነገረውን ነው። እንደዚህ ዓይነት ስታገኙ የጌሙ ገጽ ላይ ባንዲራ ያለባት ምልክት አለች፣ ሪፖርት አድርጉ። ሦስተኛ፣ ሥዕሉ ከሱቁ ሳይሆን ተጫዋቾች ከሚለጥፉት ስክሪንሾት ሊሆን ይችላል። እዚያ ጨዋታው ሌላ ነው።

ለልጅ ከፊልተር የተሻለ ነገር የለም?

አለ። ስቲም በመስከረም 2024 «ስቲም ፋሚሊስ»ን ለሁሉም ከፍቷል። እስከ ስድስት ሰው ይይዛል፣ አንዳንዱ «አዋቂ»፣ አንዳንዱ «ልጅ» ተብሎ መመዝገብ ይችላል። ልጅ ለተባለው አካውንት የትኛውን ጌም መክፈት እንደሚችል አንድ በአንድ ትመርጣላችሁ። ሱቁን መዝጋት ትችላላችሁ። ቻቱን መዝጋት ትችላላችሁ። በቀን ስንት ሰዓት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ማለትም ይቻላል። ልጁ ጌም ሲያምረው ጥያቄው ወደ እናንተ ስልክ ይመጣል፣ ከፈለጋችሁ እዚያው ትከፍላላችሁ።

እኔ የምወደው የመጀመሪያውን ነው፤ አንድ በአንድ መምረጡን። ፊልተር «ይሄን አታሳይ» ይላል፣ ሺህ ነገር ሊያመልጠው ይችላል። እዚህ ግን የፈቀዳችሁት ብቻ ነው የሚከፈተው። ያልፈቀዳችሁት ምንም ይሁን ምን ዝግ ነው።

ሁለት ማሳሰቢያ። በስቲም ደንብ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ የራሱ አካውንት ሊኖረው አይችልም። ሌላው፣ ቤተሰቡ ውስጥ ያለ ሰው በእናንተ ጌም ሲያጭበረብር ከተያዘ፣ ከዚያ ጌም እናንተም ትታገዳላችሁ። የእህታችሁን ልጅ ከማስገባታችሁ በፊት ጠባዩን አጣሩ።

በስልክስ?

አንድሮይድ ላይ ጉግል ፕሌይን ከፍታችሁ ሴቲንግ፣ ፋሚሊ፣ ፓረንታል ኮንትሮልስ። ፒን ታስገባላችሁ፣ ዕድሜ ትመርጣላችሁ። ፒኑን የልጁ ልደት አታድርጉት፣ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው።

ይሄ ቁልፍ የሚሠራው ግን በፕሌይ ስቶር ለሚገባ ነገር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጌም እንዴት ከስልክ ወደ ስልክ እንደሚዞር ታውቃላችሁ። ዳታ ለምን ይባክናል? በዜንደር ይላካል፣ በቴሌግራም ቻናል ኤፒኬው፣ ማለት የመጫኛ ፋይሉ፣ ይወርዳል። እሱ ጋ ቁጥርም የለ፣ ማስጠንቀቂያም የለ፣ ፒንም የለ። አንዳንዴም ከጌሙ ጋር ቫይረስ ተጠቅልሎ ይመጣል። ስልኩ «ከማይታወቅ ምንጭ» የመጣን አፕ እንዲጭን የተፈቀደለት መሆኑን ሴቲንግ ውስጥ ፈልጉና አጥፉት። «ኢንስቶል አንኖውን አፕስ» ይላል። ዜንደርንም ቴሌግራምንም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ።

ሮብሎክስ አንድ ጌም ነው ወይስ ብዙ?

እልፍ ጌም ነው፣ አብዛኛውን የሠሩትም ራሳቸው ተጫዋቾች ናቸው። ስለዚህ «ሮብሎክስ ለስንት ዓመት ነው?» የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። እያንዳንዱ ጨዋታ የራሱ ምልክት አለው፤ ሚኒማል፣ ማይልድ፣ ሞደሬት፣ ሪስትሪክትድ። ከኅዳር 2024 ጀምሮ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ልጅ ወላጅ ካልፈቀደ በቀር ሚኒማልና ማይልድ ብቻ ነው የሚከፈትለት። ከ13 በታች ያለውም ከጨዋታ ውጭ ለሰው መልእክት መላክ ተዘጋበት። በ2026 መጀመሪያ ደግሞ ቻት ማድረግ የፈለገ ዕድሜውን በፊት ቪዲዮ ወይም በመታወቂያ ማሳየት ግድ ሆነበት። የ2008ቱን ልጅ አስታወሳችሁት? የጻፈው ዓመትና ፊቱ የሚጋጩት እዚህ ነው።

ኳታርና ኩዌት ያላችሁ ደግሞ ሮብሎክስ አልከፈት ቢላችሁ አትደንግጡ። ሁለቱም በነሐሴ 2025 ዘግተውት ነበር። ስልኩ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል፣ ለልጁ ሌላ ስልክ ለመግዛት አትቸኩሉ።

ምን እንደምጫወት ጓደኞቼ እንዳያዩ እፈልጋለሁ። ይቻላል?

ይቻላል፣ ማፈርም የለበትም። ሁሉም ሰው የሆነ ነገር አለው። እኔ ራሴ ቢሮ ውስጥ አንድ ቀን ላፕቶፔን ፕሮጀክተር ላይ ሰክቼ ገለጻ እየሰጠሁ ነበር። ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። አንድ ባልደረባችን፣ እረፍት ወጥቶ የነበረ ሰው፣ ምን ዓይነት ጌም እንደከፈተ ሳጥኗ ከነስሙ ይዛ መጣች። ክፍሉ ውስጥ 14 ሰው ነበር። ማንም አልሳቀም፣ እሱ ነው የባሰው። ሰኞ ሲመለስ ቡና አልጠጣም፣ ቀጥታ ጠረጴዛው ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

እሱ ጌሙን «ደብቄዋለሁ» ብሎ ነበር። ደብቆታልም። ችግሩ ስቲም ላይ ሁለት ዓይነት መደበቅ አለ። «ሃይድ ዚስ ጌም» የሚለው ከራሳችሁ ላይብረሪ ዝርዝር ብቻ ነው የሚያወጣው። ስትከፍቱት ጓደኞቻችሁ ያያሉ። «ማርክ አዝ ፕራይቬት» የሚለው ነው ከሰው የሚሰውረው፤ ጌሙ እንዳላችሁ፣ አሁን እየተጫወታችሁ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደቆያችሁበት አይታይም። በመጋቢት 2024 ነው ለሁሉም የደረሰው። ላይብረሪ ውስጥ ጌሙን በቀኝ ክሊክ፣ «ማኔጅ»፣ ከዚያ እሱን። ስትገዙም ቅርጫቱ ላይ ገና ከመጀመሪያው ፕራይቬት አድርጎ መግዛት ይቻላል።

ሁሉንም በአንዴ መዝጋት የሚፈልግ፣ ፕሮፋይል ውስጥ «ፕራይቬሲ ሴቲንግስ» ገብቶ «ጌም ዲቴይልስ» የሚለውን ፕራይቬት ያድርግ። ከሥሯ አንድ ትንሽ ሳጥን አለች፣ ጌሞቹ ቢታዩም የተጫወታችሁበትን ሰዓት ብቻ የምትደብቅ። ኳስ ጌም ላይ 1,900 ሰዓት ላለው ባለትዳር የተሠራች ትመስለኛለች።

ለንደን ነው የምኖረው። ስቲም የአዋቂ ጌም ለማየት ክሬዲት ካርድ አስገባ አለኝ። ሌቦች ናቸው?

ስቲም ራሱ ከሆነ ሌቦች አይደሉም። የእንግሊዝ የኦንላይን ደኅንነት ሕግ ድርጅቶች ዕድሜን በትክክል እንዲያጣሩ ያስገድዳል። ስቲም ከነሐሴ 2025 መጨረሻ ጀምሮ የመረጠው መንገድ ይሄ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ክሬዲት ካርድ የሚሰጠው ከ18 ዓመት ጀምሮ ስለሆነ። ዴቢት ካርድ አይሠራም። ካርዱን የምታስገቡት ግን ራሳችሁ ስቲምን ከፍታችሁ ይሁን፣ በኢሜይል በመጣ ሊንክ አይሁን።

ጀርመን ያላችሁ ደግሞ የሚገጥማችሁ ሌላ ነው፤ ከኅዳር 15 ቀን 2024 ጀምሮ የዕድሜ ምልክት የሌለው ጌም እዚያ ስቲም ላይ አይታይም። የድሮ ትንሽ ጌም ጠፍቶባችሁ ከሆነ፣ ባለቤቱ መጠይቁን ስላልሞላ ሊሆን ይችላል።

ትናንት ያየሁት ጌም ዛሬ ፍለጋ ላይ የለም። ተሰረዘ?

ላይሰረዝ ይችላል። በሐምሌ 2025 የሆነውን ልንገራችሁ። ኮሌክቲቭ ሻውት የተባለ የአውስትራሊያ ቡድን በጌም ሱቆቹ ብቻ ሳይሆን በክፍያ ድርጅቶቹ ላይ ዘመቻ ከፈተ፤ «አስገድዶ መድፈርን የሚያሳዩ ጌሞች ክፍያ ለምን ታስተናግዳላችሁ?» ብሎ። ክፍያ ድርጅቶቹ ወደ ሱቆቹ ዞሩ። ስቲም የክፍያ ድርጅቶችንና የባንኮችን ደንብ የሚጥስ ይዘት አይፈቀድም የሚል መስመር ደንቡ ላይ ጨመረና የተወሰኑትን አወረደ። ኢች ደግሞ በጣም ብዙ ትንንሽ ሠሪዎች የሚሸጡበት ቦታ ነው፤ ለአዋቂ የተባለውን ይዘት በሙሉ ከፍለጋ አወጣው። ገጹ ነበረ፣ ሊንኩ ያለው ሰው ይከፍተው ነበር፣ ፈልጎ ግን አያገኘውም ነበር። ቆይቶ ያለ ክፍያ የሚሰጡትን መመለስ ጀመረ።

ዘመቻው የተነሳበትን ዓይነት ጌም እኔም አልከላከልም። ግን አብሮ የጠፋው ብዙ ነበር። ስለ ራሱ ሕይወት፣ ስለ ደረሰበት ጥቃት የሠራና በሐቅ «የአዋቂ» ብሎ ምልክት ያደረገ ሰውም አብሮ ተጠርጓል። መረጃውን በትክክል የሞላ ሰው ሲቀጣ፣ ነገ ማን ይሞላል?

ጌም ስትሪም አደርጋለሁ፣ ማለት ስጫወት በቀጥታ አስተላልፋለሁ። እኔም ማስጠንቀቂያ ማድረግ አለብኝ?

ትዊች ላይ ከሆነ አዎ። ከሰኔ 2023 ጀምሮ የይዘት ምልክቶች አሉ፤ «ኤም» ለተባለ ጌም ራሱ ይለጥፍላችኋል፣ ቁማር፣ ስድብና የመሳሰለውን ግን እናንተ ናችሁ የምትመርጡት።

የራሴን ጌም ስቲም ላይ ላወጣ ነው። «ደም አለ» ብዬ ብሞላ ገዢ አይቀንስብኝም?

የተወሰነ ሰው አያየውም፣ እሱ እውነት ነው። ግን ያ ሰው እንዳያይ ራሱ የመረጠ ሰው ነው። ሳያውቅ ቢገዛው ገንዘቡን መልሶ ይጠይቃል፣ በዚያ ላይ ሁለት መስመር ስድብ ይተውላችኋል። ስቲም ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ገጹንም ጌሙንም ያያል፤ ከሞላችሁት ጋር ካልተገናኘ ይመልሰዋል። ያኔ የምትከስሩት ቀናችሁን ነው።

አንድ ልጅ ባለፈው የጻፈውን ልኮ «እስቲ እየው» አለኝ። ጌሙ የድሮ ጦርነት ነው፣ ጎራዴና ጋሻ። መጀመሪያ የጻፈው «ታሪካችንን የሚዘክር ጀግንነት የተሞላበት» እያለ የሚሄድ አራት መስመር ነበር። ማስታወቂያ ነው። ጠራርገን ይሄን አስቀረን፦ «በጎራዴና በጦር መዋጋት አለ። ሰው ሲመታ ደም ይታያል፣ አካል አይቆረጥም። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የተቃጠለ መንደርና የሞቱ ከብቶች አሉ። ስድብ የለም።» ልጁ ትንሽ አሰበና «ደሙን ማጥፊያ ቁልፍም አለው፣ ልጨምረው?» አለኝ። ጨምር አልኩት።